ጨረቃ ሳትወጣ የገባች ሰንበት

የዛሬውን ጨዋታ ያመጣችው አንዲት የስልክ ጥሪ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ባሕር ማዶ የሚኖረው የእህቴ ልጅ አንድ ምሽት ደወለልኝ። የአባቱ ሙት ዓመት ደርሶ ነበር። እናቱ ድግሱ በትውልድ ቀያቸው በጉንደ ወይን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአባትየው ሰንበቴ ጋር እንዲሆን ወስናለች። ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉ ተፈጭቷል። ልጁም ለዚሁ ብሎ ትኬት ቆርጧል። ምን ቀረ? ምንም የቀረ አልመሰለኝም።

«ጋሼ፣ እናቴን ያነጋግሩልኝ» አለኝ። «ድግሱ ከእሑድ ወደ ረቡዕ ይዛወር።»

«ረቡዕ? በጾሙ ቀን?»

«የዚያ ሳምንት እውነተኛው ሰንበት ረቡዕ ነው የሚውለው። እሑድም ቅዳሜም የሰው ሥርዓት ነው። ሰንበት የሚቆጠረው ከጨረቃ ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ቃጣኝ። ልጁ ግን አልቀለደም። በሚኖርበት አገር እንዲህ የሚያስተምሩ ጥቂት ሰዎች አግኝቶ፣ ሲያነብና ሲያሰላ ከርሟል። ስሌቱን አስረዳኝ። አዲስ ጨረቃ የታየችበት ቀን ለብቻው ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ተሠርቶ 8ኛው ቀን ሰንበት ይሆናል። ቀጥሎ 15ኛው፣ 22ኛው፣ 29ኛው። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን፣ ስትሞላ፣ ተመልሳ ግማሽ ስትሆን፣ ስትጠፋ፤ በአራቱም ሰንበት አለ። ሲሰሙት ያምራል። ሰማዩ ራሱ ደወል ይደውላል ማለት ነው።

እህቴ ይህን ስትሰማ ለቅሶዋ እንደ አዲስ ተነሣ። «አባቱን በቀበርን በዓመቱ ልጄ ቀን ለየብኝ» አለች። ነገሩ የሃይማኖት ክርክር ብቻ አለመሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አንድ ቤተሰብ አብሮ የሚቀመጥበትን ቀን ሊያጣ ነው። ስለዚህ ልጁን ከመቆጣቴ በፊት ጥያቄውን ልመርምረው ብዬ ተነሣሁ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ለልጁ ፍርድ እንስጠው። ሐሳቡ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በጥንታዊት ባቢሎን ጨረቃ የምትሞላበት የወሩ 15ኛ ቀን «ሻፓቱ» ይባል ነበር። ስሙ ከዕብራይስጡ ሰንበት ጋር ስለሚቀራረብ፣ ሰንበት መጀመሪያ የሙሉ ጨረቃ በዓል ሳይሆን አይቀርም ያሉ የአውሮፓ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በፊትም ነበሩ። በመጽሐፍ ቅዱስም መባቻና ሰንበት ጎን ለጎን እየተጠሩ ይገኛሉ። ነገር ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ ጎን ለጎን መጠራታቸው ሁለት መሆናቸውን ይናገራል እንጂ አንድ መሆናቸውን አይናገርም። ሰኔና ሰኞ አብረው ቢጠሩ ሰኔ ሰኞ አይሆንም።

ችግሩ ያለው ከቁጥሩ ላይ ነው። ጨረቃ ዙሯን የምትጨርሰው በ29 ቀን ተኩል አካባቢ ነው። አራት ሰባት ደግሞ 28 ነው። በየወሩ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይተርፋል። ሰባትን ከጨረቃ ጋር ማሰር የፈለገ ሰው እነዚያን ትርፍ ቀናት የት እንደሚያደርጋቸው መላ መፈለግ አለበት። የእህቴ ልጅ መላ ከቁጥር ውጪ ማድረግ ነው። በዚያን ጊዜ ግን «ስድስት ቀን ሥራ፣ በሰባተኛው ዕረፍ» የሚለው ቆጠራ በየወሩ ይሰበራል። ጨረቃን ለማክበር ሲባል ሰባትን ማፍረስ ግድ ይሆናል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ መንግሥት በእርግጥ ሞክሮታል። በስሪላንካ የቡድሃ ምእመናን የጨረቃን አራት መልኮች ተከትለው «ፖያ» የሚሉትን ቀን ያከብራሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የአገሪቱ መንግሥት የቅዳሜና እሑድን ዕረፍት ሰርዞ፣ የፖያን ቀንና ዋዜማውን የሕዝብ ዕረፍት አደረገ። የጨረቃ ሩብ ግን በትክክል ሰባት ቀን አይደለም። ሰባት ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ያህል ነው። በዚህ የተነሣ አንዱ ሳምንት ሰባት ቀን፣ ሌላው ስምንት ይሆን ጀመር። ባንኩ፣ ወደቡ፣ ከውጭ አገር ጋር የሚነግደው ነጋዴ ሁሉ ከቀረው ዓለም ጋር ቀን ተማታበት። እ.ኤ.አ. በ1971 ቅዳሜና እሑድ ተመለሱ። ሙሉ ጨረቃ የምትውልበት ፖያ ግን እስከ ዛሬ በዓል ሆኖ ቀርቷል። ጨረቃ በዓሏን ጠበቀች፤ ሳምንቱን ግን ለቀቀች።

ወደ አገራችንም ስንመለስ፣ ቀንን ከጨረቃ ጋር የሚያስኬድ ሕዝብ አለን። ቦረናዎች 27 የቀን ስሞች አሏቸው። «አያንቱ» የሚባሉት ዐዋቂዎቻቸው ጨረቃ ከየትኛው ኮከብ ጋር እንደወጣች እያዩ ወሩንና ቀኑን ይናገራሉ። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ስለ ገዳ ሥርዓት በጻፈው መጽሐፉ ይህንን ለዓለም አስተዋውቋል። ነገር ግን በዚያ ቆጠራ ውስጥ የሰባት ቀን ሳምንት የለም። እንግዲህ ቀኑን ለጨረቃ የሰጠ ሰባትን አልያዘም፤ ሰባትን የያዘ ደግሞ ቀኑን ለጨረቃ አልሰጠም። ሁለቱን አንድ ላይ ልያዝ ያለው ነው የተቸገረው።

ይህን ይዤ ጉንደ ወይን ሄድኩ። ለድግሱ ቀደም ብዬ መድረሴም ነበር። ከተማዋን ለማታውቁ፣ ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ናት። ደጋ ናት። ዓባይ ቆላውን እየሰነጠቀ ጎጃምን የሚዞርበት አገር ከእሷ ብዙም አይርቅም። ሰማይዋ ሰፊ ነው፤ ጨረቃ ለማየት ፎቅ የሚጋርደው ሰው የለም። የልጅነቴን ፊደል የቆጠሩልኝን የኔታን ለመጠየቅ ሄድኩ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጆሯቸው ደክሟል። ሒሳባቸው ግን እንዳለ ነው።

«የኔታ፣ ሰንበት በጨረቃ ነው ወይ የምትቆጠረው?» አልኳቸው ጮክ ብዬ።

ቶሎ አልመለሱልኝም። ከዚያ መልሰው እኔን ጠየቁኝ። «ጨረቃ የተፈጠረችው መቼ ነው?»

«ረቡዕ።»

«ከረቡዕ በፊት ማን ነበረ?»

«እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ።»

«ታዲያ ልጄ፣ ቀኑ ከእሷ በፊት ሲቆጠር አልነበረምን?»

በዚህ ሁለት መስመር ጨዋታ የእህቴ ልጅ የከረመበት ሒሳብ ያለቀ መሰለኝ። የኔታ ግን አላበቁም። «ጨረቃ ግን ሥራ የላትም እንዳትል» ብለው ወደ ባሕረ ሐሳብ ገቡ።

ባሕረ ሐሳብ የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ስሌት ነው። ትውፊቱ መነሻውን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጣል። አጽዋማትንና በዓላትን ያወጣል። ፀሐይ በዓመት 365 ቀን ስትሄድ፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ ልዩነቱ 11 ነው። ይህ 11 በየዓመቱ እየተጠራቀመ፣ 30 በሞላ ቁጥር እየተገደፈ አበቅቴን ይሰጣል። ለ30 የጎደለው መጥቅዕ ይባላል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 ናቸው። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ የጨረቃ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚገርመው። መጥቅዕ ከሳምንቱ በየትኛውም ቀን ሊውል ይችላል። ጨረቃ ቀን አትመርጥማ! ስለዚህ ሊቃውንቱ ለየቀኑ ተውሳክ አበጁለት። ለቅዳሜ 8፣ ለእሑድ 7፣ ለሰኞ 6፣ ለማክሰኞ 5፣ ለረቡዕ 4፣ ለሐሙስ 3፣ ለዓርብ 2። መጥቅዑ በዋለበት ቀን ተውሳክ ላይ ይደመራል፤ የተገኘው ቁጥር ጾመ ነነዌ የሚገባበትን ቀን ያሳያል። ተውሳኩ ምን ይሠራል ቢሉ፣ ጨረቃ የትም ትዋል የት እየጎተተ ወደ ሰኞ ያመጣታል። ነነዌ ሰኞ ከገባ ትንሣኤ እሑድ ይውላል፤ ስቅለት ዓርብ፣ ዕርገት ሐሙስ።

በምሳሌ እንየው። በ2016 ዓ.ም. መጥቅዕ 10 ነበር። የዋለው ጥቅምት 10 ቀን፣ ቅዳሜ ነው። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ስለሆነ 10 ሲደመር 8፣ 18 ይሆናል። ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ቀን ሰኞ ገባ። ለትንሣኤ የሚጨመረው ተውሳክ 9 ነውና፣ 18 እና 9 ተደምሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ቀን እሑድ ዋለ። ይህንን የሚያሰላው ሰው ካልኩሌተር አይዝም። ጣቱንና አንጓውን እየቆጠረ ነው የሚያወጣው።

እንግዲህ ጨረቃ ለእኛ የምትሠራው ሥራ ይህ ነው፤ ከእሑዶች መካከል አንዲቱን ትመርጣለች። እሑድን ግን አትሠራም። እሑድ ከእሷ ፊት ቀድማ ቆማ ትጠብቃታለች።

የሚገርመው ደግሞ ያቺ በባሕረ ሐሳብ ያለችው ጨረቃ እንኳ ከሰማዩ ጋር ልክ ለልክ አትሄድም። በ19 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመላለሰው ስሌት በጣም ጥሩ ስሌት ነው፤ የሚስተው በየሦስት መቶ ዓመቱ አንድ ቀን ያህል ነው። ነገር ግን ዘመኑ ረዘመና ስሕተቱ ዛሬ አራት አምስት ቀን ደርሷል። በ2016 ዓ.ም. ጨረቃ የሞላችው ሚያዝያ 16 ሌሊት ነበር። በትንሣኤ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ወደ ሰማይ ያየ ሰው ያገኘው ሙሉ ጨረቃ ሳይሆን ሊነጋ ሲል የምትወጣ ቀጭን ማጭድ ነው። ይህን አይቶ ትንሣኤውን የተወ ሰው አልሰማሁም። ሕዝቡ ሰማዩን ሳይሆን እርስ በርሱን ነው የጠበቀው።

ቋንቋችንም ምስክር ነው። «ወር» የሚለው ቃል የመጣው «ወርኅ» ከሚለው ግእዝ ነው፤ ትርጉሙ ጨረቃ ማለት ነው። ወራችን ግን 30 ቀን ሆኖ ከጨረቃ ከተለያየ ዘመን የለውም፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። የቀኖቹን ስም ደግሞ እዩ። እሑድ አንደኛ ነው። ሰኞ ሁለተኛ ነው። ማክሰኞ የሰኞ ማግስት። ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ። ዓርብ ምሽት፣ ያውም የሰንበት ዋዜማ። ቅዳሜ ደግሞ «ቀዳሚት ሰንበት»። ፈረንጆቹ ሰኞን የጨረቃ ቀን፣ እሑድን የፀሐይ ቀን ብለው ሲጠሩ፣ የእኛዎቹ ቁጥርና ሰንበት ብቻ ናቸው። በሳምንታችን ውስጥ ጨረቃ ስሟ እንኳ አልተጠራም።

ወደ መጻሕፍቱ ብንገባ ነገሩ ይብሳል። ሙሉ አካሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየ ኩፋሌ የሚባል መጽሐፍ አለን። ኩፋሌ ዓመቱን 364 ቀን ያደርገዋል። ለምን 364? 52 ጊዜ ሰባት ስለሆነ ነው። በዚያ ዓመት አንድ በዓል አንድ ጊዜ ረቡዕ ከዋለ ዘላለም ረቡዕ ይውላል፤ ከሰንበት ጋር አይጋጭም። ኩፋሌ ጨረቃን የሚከተሉትን ይገሥጻል። በየዓመቱ አሥር ቀን እየቀደመች በዓላትን ታፋልሳለች ይላቸዋል። እንደ እሱ በግእዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ የጨረቃን ብርሃን በክፍል በክፍል እየመተረ፣ እንዴት እንደምትሞላና እንዴት እንደምትጎድል በዝርዝር ይጽፋል። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የሁለቱም ቁርጥራጮች በዕብራይስጥና በአራማይክ ሲገኙ፣ የዓለም ሊቃውንት የጎደለውን ለመሙላት የእኛን ብራና ነው የተመለከቱት። እንግዲህ ጨረቃን እናውቃታለን ማለት ነው። አልናቅናትም። ሰንበትን ግን አላስረከብናትም።

«እሱ የክርስቲያኑ ነው፣ ኦሪቱስ?» ትሉኝ ይሆናል። የእህቴ ልጅም ያለኝ ይህንኑ ነው። ለዚህ ከቤተ እስራኤል የተሻለ ምስክር የለም። በጎንደር፣ በስሜንና በወገራ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ወራቸውን ሙሉ በሙሉ በጨረቃ ይቆጥሩ ነበር። ጨረቃ በታደሰች ቁጥር በዓል ያደርጋሉ። ስግድን የሚያከብሩት በስምንተኛው የጨረቃ ወር በ29ኛው ቀን ነው፤ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች። ሰንበትን ደግሞ እንደ እነሱ ያከበራት ጥቂት ነው። ዓርብ ሳይመሽ እሳት ይጠፋል፤ ምግቡ ቀድሞ ይሠራል። «ትእዛዘ ሰንበት» በሚባለው መጽሐፋቸው ሰንበት እንደ ንግሥት ሆና በሰማይ ስታማልድ ትታያለች።

እንዲህ ያለ፣ ወሩ የጨረቃ፣ ልቡ የሰንበት የሆነ ሕዝብ ሰንበቱን መቼ አከበረ? ክርስቲያኑ ጎረቤቱ ቅዳሜ በሚለው ቀን ነው፤ በየሰባት ቀኑ፣ ሳያዛንፍ። ከሰንበታትም ሰባተኛዋን ለብቻ ያከብራሉ፤ ሰባትን በሰባት እየቆጠሩ ማለት ነው። በአምስተኛው የጨረቃ ወር አራተኛዋን ሰንበት ደግሞ «የሰንበት ሰንበት» ይሏታል። እዚህም ጨረቃ ሥራዋ መምረጥ ብቻ ነው። ሙስሊሙም ወገናችን ረመዷንን በጨረቃ ይገባል፣ በጨረቃ ይፈታል፤ ጁምዓን ግን ጨረቃ ነክታ አታውቅም።

ይህቺን ሰንበት የያዙ ሰዎች ሲቸግር ደግሞ እንዴት እንደሚለቋት ያውቁ ነበር። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወጡ ዕለቱ ዓርብና ቅዳሜ ነበር። በሰንበት መንገድ የማይሄደው ሕዝብ ነፍስ ለማዳን በሰንበት በረረ። ቀኑ ሰንበት መሆኑን ግን ማንም አልካደም።

ታሪካችን ስለ ሰንበት ብዙ ተከራክሯል፤ ደምም አፍስሷል። ክርክሩ ግን አንድም ጊዜ ስለ ጨረቃ አልነበረም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከእሑድ ጋር ቅዳሜም ትከበር ብለው አስተማሩ። ከግብፅ የሚመጡት ጳጳሳት አልተቀበሉትም። ኤዎስጣቴዎስ ከአገር ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1352 በአርመን ምድር ዐረፉ። ተከታዮቻቸው ከካህናት ማኅበር ተለይተው በየገዳማቸው ከረሙ። በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1400፣ የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስና ጓደኞቻቸው ታሰሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ንጉሡ ራሳቸው አስፈትተው ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ጉዳዩ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በጠሩት ጉባኤ ነው። ሁለቱም ሰንበታት፣ ቅዳሜም እሑድም ይከበሩ ተባለ።

ይህ ውሳኔ ለጎጃም ሩቅ ወሬ አይደለም። የዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት የነበሩት እቴጌ እሌኒ በእነብሴ ምድር፣ ከጉንደ ወይን ብዙ በማይርቀው በመርጡለ ማርያም፣ ያማረ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ናቸው። የደብረ ምጥማቅ ዘመን ሥርዓት በዚህ ደጋ ሥር ሰደደ። ከዚያ በኋላ ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 ባወጁት የሃይማኖት መግለጫ፣ ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ አይደለም ብለው ለፖርቱጋሎቹ አስረዱ። ዐፄ ሱስንዮስ ግን እ.ኤ.አ. በ1620 አካባቢ የቅዳሜን ሰንበት አስቀሩ። ጎጃምን የሚገዙት ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የሮማን ሃይማኖት የያዙ ብርቱ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1626 ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ አጽዋማቱና በዓላቱ በሮማ አቆጣጠር እንዲሄዱ አዘዙ። እስቲ አስቡት፤ ገበሬው በአንድ በኩል ቅዳሜውን ተነጠቀ፣ በሌላ በኩል ጾሙ ከጎረቤቱ ጾም ተለየ። አመፁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1632 በወይና ደጋ ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ።

ይህን ሁሉ ሳስበው አንድ ነገር ታየኝ። ጨረቃ ጠባቂ አያስፈልጋትም። ብናያትም ባናያትም ትሞላለች፣ ትጎድላለች። ሰንበት ግን በሰማይ ላይ ምንም ምልክት የላትም። ቅዳሜ ጧት የምትወጣው ፀሐይ ከዓርቧ በምን ትለያለች? ቅዳሜን ቅዳሜ ያደረጋት፣ ትናንት ዓርብ ነበር ብለው የሚስማሙ ሰዎች መኖራቸው ብቻ ነው። ያ ስምምነት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተላለፈ፣ በረሃብም በጦርነትም ሳይቋረጥ ነው እዚህ የደረሰው። አንድ ሰው ቆጠራው ቢጠፋበት ጎረቤቱን ይጠይቃል። አገር በሙሉ ቢጠፋበት ግን ሰማይ አያስታውሰውም። ኤዎስጣቴዎሳውያን የተሰደዱለት፣ በወይና ደጋ ሰው ያለቀበት ይህ ነው፤ አብረን የያዝነው ቁጥር።

ሰንበቴ የሚባለው ማኅበር ምስጢሩም ይኸው አይደለም? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለተራው ዳቦና ጠላውን ይዞ ይመጣል። ሽማግሌው፣ ድኻው፣ መንገደኛው አብሮ ይቀምሳል። የተጣላ ካለ እዚያው ይታረቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ሰንበትም እንዲሁ ናት። ብቻውን የያዛት ሰው ትከብደዋለች። እንደ እውነቱ ከሆነ ባሕር ማዶ ያሉ የእኛ ሰዎችም ይህን ያውቁታል። ሥራ አላላውስ ሲላቸው የንግሥ በዓሉን ወደ ቅርቡ ቅዳሜና እሑድ የሚያዛውሩ አጥቢያዎች ብዙ ናቸው። ቀኑን አዛውረው ሰውን ማግኘት ይሻላል ብለው ነው። የእህቴ ልጅ ያደረገው ግልባጩን ነው፤ ቀኑን አገኘሁ ብሎ ሰውን ሊያጣ ነበር።

ይህን ሁሉ በስልክ ነገርኩት። የኔታንም፣ ስሪላንካንም፣ ቤተ እስራኤልንም። አዳመጠኝ። «ጋሼ፣ አላሳመኑኝም» አለኝ ሲጨርስ። ቅር ቢለኝም ደስ አለኝ፤ ቢያንስ አልዋሸኝም። «እሺ፣ አትመን» አልኩት። «እናትህ ግን እሑድ ነው የምትጠብቅህ።»

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከመኪና ወረደ። እህቴ ጉንጩን እየሳመች ስታለቅስ፣ ሴቶቹ እንጀራ እየጋገሩ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ። እሑድ ገባች። ሰማዩ ጨለማ ነበር፤ እንደ ልጁ ቆጠራ ከአሥራ አምስተኛው ሦስት ሌሊት አልፏልና ጨረቃ ገና አልወጣችም። ደጅ ወጥተን አብረን ቆምን። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ አንድ ጎኗ ጎደል ብሎ ከዓባይ ማዶ ብቅ አለች። «ጋሼ፣ ያችውልዎ» አለኝ። «አየኋት፤ ዘገየች» አልኩት። ሳቀ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የአባቱ የሰንበቴ ጓደኞች ተሰበሰቡ። ጽዋው ሲዞር የአባቱ ቦታ ባዶ ነበር። የማኅበሩ ሙሴ ልጁን በእጃቸው ጠቁመው እዚያ እንዲቀመጥ አደረጉት። በእሱ ሒሳብ ያ ቀን ተራ የሥራ ቀን ነው። ቢሆንም ተነሥቶ ሄደና ተቀመጠ። ዳቦው ሲደርሰው በሁለት እጁ ተቀበለ።

ከአባቱ አጠገብ ለሠላሳ ዓመት የተቀመጡት ሽማግሌ ትከሻውን ነካ አደረጉና «ልጄ፣ ተራህ መቼ እንደሚደርስ ታውቃለህ?» አሉት። አላወቀም። ሽማግሌው በጣታቸው አንጓ ሰንበቶቹን እየቆጠሩ ይነግሩት ጀመር።